የሞተሪስቱ የእንድሪስ ምስክሮች

የመበለቲቱን ዕንባ የማይንቅ፣ የድሃ አደጉን ድምፅ ከነጎድጓድ መካከል ለይቶ የሚሰማ የእግዚአብሔር ስም በሰማይና በምድር ከፍ ከፍ ይበል። እኔ ታናሽ አገልጋዩ በዕድሜዬ ማምሻ ይህን የምጽፈው፣ በጦርነቱ ዘመን በወልዲያ ፍርድ ቤት ለምስክርነት በቆምሁባቸው ሁለት ቀናት የገጠመኝን ለማስታወስ ነው። ደክሞኛል። እጄም እንደ ቀድሞው አይታዘዝልኝም። ነገር ግን ይህን ይዤ ወደ መቃብር ብወርድ የሚጠይቀኝ ያለ ይመስለኛልና እነሆ ጀመርሁ።

በዚያን ጊዜም እንደ ዛሬው የመርሳ ነዋሪ ነበርሁ። ከልጅነቴ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አድጌ መሪጌታ ከተባልሁ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። ከማስተማሩና ከማገልገሉ ሌላ አገሬው የሚያውቀኝ በአንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምናገር እኔ ነበርሁ። ሟቹ ስስታም ቢሆን ቆጣቢ፣ ቁጡ ቢሆን ለእውነት የሚቀና፣ ሰነፍ ቢሆን በትዕግሥት የኖረ አድርጌ ሳወጣው ዘመዶቹ እያለቀሱ ይጽናኑ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠራኝ ነበር። በእኛ አገር የሙስሊሙን መቃብር ክርስቲያኑ ይቆፍራል፣ የክርስቲያኑን ቃሬዛ ሙስሊሙ ይሸከማል። እኔም ሙት ማመስገንን እንደ አንድ የጽድቅ ሥራ ቆጥሬው ኖርሁ።

እንድሪስ የከተማችን የውሃ ሞተሪስት ነበር። ሞተሪስት ማለት ውሃውን ከጉድጓድ ስቦ ወደ ታንከሩ የሚያወጣውን ሞተር የሚያስነሣ፣ የሚያጠፋና የሚጠብቅ ሠራተኛ ነው። ጦርነቱ መርሳ በደረሰ ጊዜ መብራት ጠፋ፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊና ሠራተኞቹ እንደ ብዙው ሰው ወደ ደሴ ሸሹ፤ ቢሮው ተዘጋ። ቦኖዎቹ ደረቁ። ሕዝቡ ከወንዝ ቀድቶ ጠጣ፤ ሕፃናት በተቅማጥ ወደቁ። እንድሪስ ግን ባለበት ቀረ። ሼህ ይማም የሚባሉት የዕድሜ እኩያዬና እኔ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ሆነን በመስኖ ከሚያርሱት ገበሬዎች ናፍጣ ለመንን፤ እነርሱም በጀሪካን ቀድተው፣ በጭድ ሸፍነው አመጡልን። እርሱም በዚያች ናፍጣ ጄኔሬተሩን እያስነሣ ከተማውን አጠጣ። ይህም የሆነው ከየት እንደ መጣ ያላወቅነው ከባድ መሣሪያ የሞተሩን ቤት እስከ መታበት ቀን ድረስ ነው። እርሱም ከውስጥ ነበር። በዚያው ቀን ቀበርነው። ለቅሶው በተቀመጠ ጊዜ እኔ ተነሥቼ ተናገርሁ፤ ሰው ሁሉ አለቀሰ።

ሚስቱ ከዲጃ አራት ልጆች ይዛ ውርጌሳ ከወንድሟ ቤት ተጠጋች። ከተማው ተመልሶ ቢሮዎች በተከፈቱ ጊዜ የጡረታ መብቷን ጠየቀች። የተሰጣት መልስ ይህ ነበር፦ ባልሽ አሥር ዓመት አላገለገለም፤ ስለዚህ በሞቱ ምክንያት የሚሰጥሽ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ጥቂት ገንዘብ ነው። በሥራ ላይ እያለ በደረሰበት ጉዳት መሞቱ ቢረጋገጥ ኖሮ ዓመቱ ባይሞላም አንቺና ልጆችሽ በየወሩ ጡረታ ታገኙ ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ዝግ ስለ ነበረ ሥራ ላይ ነበር ማለት አይቻልም።

ነገሩ አከራክሮ አከራክሮ በመጨረሻ እንድሪስ ሲሞት ሥራ ላይ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው በምስክር እንዲጣራ ወልዲያ ፍርድ ቤት ደረሰ። ምስክሮቹ ሦስት ነበርን፤ ሼህ ይማም፣ ቦኖው አጠገብ ሽንኩርት የምትሸጠው አስካለና እኔ። ከዲጃ በዚያ ሰሞን እቤቴ መጥታ ስትቀመጥ እንዲህ ብላኝ ነበር፦ «መሪጌታ፣ ትልቋን ልጄን ወደ ዓረብ አገር ልላክልሽ የሚል ደላላ ወንድሜ ዘንድ ተመላልሷል። ገና ስምንተኛ ክፍል ናት። ወንድሜም የራሱ ልጆች አሉት፣ አልፈርድበትም። ይህ ጡረታ ከተፈቀደልኝ ትማራለች። ካልተፈቀደልኝ እሺ እላለሁ፤ ሌላ ምን አለኝ?»

ከመርሳ በሚኒባስ ተሳፍረን ስንወጣ ጧት ነበር። ከሰሜን በኩል ውጊያው ዳግመኛ ሊነሣ ነው የሚል ወሬ በየሰዉ አፍ ነበረ። ሁላችንም የሰለቸንና እንቅልፍ ያጣን ነበርን።

«መሪጌታ፣ ዛሬ እንደ ለቅሶ ቤት እንዳያስረዝሙት» አሉኝ ሼህ ይማም ከጎኔ ተቀምጠው። «ዳኛዋ የቅኔ ተማሪዎ አይደሉም።»

«አንቱስ ቢሆኑ ዱዓ ከጀመሩ ማን ያስቆምዎታል?»

«እኔን አላህ ያስቆመኛል። እርስዎን ግን እርሱም የተወዎት ይመስለኛል።»

ሲሪንቃ ስንደርስ ፍተሻ ነበርና ሁላችን ወርደን ተሰለፍን። አስካለ መታወቂያዋን ከጡቷ ስር እያወጣች፣ «እኔን ምን ይፈትሹኛል? ከሽንኩርት በቀር ምን ተርፎኝ?» ትላለች። ወታደሩ ልጅ እግር ነበር፤ ፈገግ ብሎ አሳለፋት። ከዲጃ ብቻ አልሳቀችም። መንገዱን ሙሉ ወደ መስኮቱ ዞራ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ግቢ ስንደርስ ብርቱካን የምትባል፣ ለድሆች በነፃ የምትቆም ወጣት ጠበቃ ተቀበለችን። ገና ያልመሰከረ ሰው የሌላውን ቃል መስማት ስለማይፈቀድለት አስካለና እኔ ከውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረን። አስቀድሞ ሼህ ይማም ተጠርተው ገቡ፤ ቀጥሎ አስካለ ገባች። እኔ በመካከሉ የምናገረውን በልቤ አሰናዳ ነበር። በለቅሶው ቀን ከተናገርሁት ይልቅ ያማረ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ውሃን ከሕይወት ጋር፣ እንድሪስንም ለወገኑ ከተሠዋ መሥዋዕት ጋር የሚያስተካክል።

ብዙ ቆይተው ሁለቱም ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«እንዴት ሆነ?» አልኋቸው።

«አልሐምዱሊላህ፤ የእንድሪስን ስም ከፍ አደረግሁት» አሉ ሼህ ይማም እየተቀመጡ። «ያ ቀጭኑ የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ‹ሥራውን እንዲሠራ ያዘዘው አለቃ ነበር?› አለኝ። ‹ከአላህ በቀር ማን ያዘዋል!› አልሁት። ‹ደመወዝስ ይጠብቅ ነበር?› አለኝ። ‹አስተግፊሩላህ! እንድሪስ ለደመወዝ ብሎ የሞተ ይመስልሃል? ለሰደቃ ነው ያጠጣ! ያን ጊዜ መሥሪያ ቤት የት ነበረና!› አልሁት። አፉን አስያዝሁት።»

«እኔስ!» አለች አስካለ። «‹ደመወዝተኛውማ ሁሉ ደሴ ገባ፤ እሱ ለነፍሱ ያደረ ሰው ነው፤ ሥራ አትበሉት፣ ጽድቅ ነው› አልኋቸው፣ የኔታ። ዳኛዋ ቀና ብለው አዩኝ።»

«ምን አሉሽ?»

«ምንም። ጻፉ።»

በዚህ ጊዜ ብርቱካንና ከዲጃ ወጡ። ብርቱካን መዝገቧን በደረቷ ታቅፋ ዓይናችንን ሳታይ አጠገባችን ቆመች። ከሰዓት በኋላ የጸጥታ ስብሰባ ስለ ተጠራ የእኔ ምስክርነት ለነገ ጧት መተላለፉን ነገረችን።

«ልጄ፣ ምን ሆነሻል?» አልኋት።

«አባቴ፣ እርስዎ ገና ስላልመሰከሩ ውስጥ ስለ ተባለው ላወራዎት አልችልም» አለችኝ። «ምን እንደሚሉም ልነግርዎ አይገባኝም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፤ ነገ ሲገቡ ያዩትን ይናገሩ። ያዩትን እንጂ ያመሰገኑትን አይደለም።»

ይህን ብላ ከዲጃን ወደ ዛፍ ጥላ ወስዳ በቀስታ ታስረዳት ጀመር። ሼህ ይማም ከሩቅ ሲያዩአቸው ቆይተው ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ። የተማሩ ሰው ናቸው፤ ሕጉን ባያውቁትም የሰው ፊት ያነባሉ።

«መሪጌታ» አሉኝ፣ «ይህች ሴት ‹ባሌ የሞተው ሥራ ላይ ነው› ብላ አይደል የከሰሰች?»

«አዎን።»

«እኔ ታዲያ ‹ሥራ አልነበረም› ብዬ መጣሁ ማለት ነው?»

አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ያን ምሽት ያረፍነው ወልዲያ ከአስካለ እኅት ቤት ነው። ፀሐይ እንደ ጠለቀች እራት ቀረበ፤ የሚበላ ግን አልተገኘም። ሼህ ይማም ከመግሪብ ሶላት ተመልሰው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

«ነገ ተመልሼ ገብቼ ዋሽቻለሁ ልበል?» አሉ።

«አልዋሹም እኮ» አልኋቸው። «ነገሩም ይኸው ነው። ቢዋሹ ኖሮ መመለስ ይቻል ነበር።»

«ሰውን በሞተ ጊዜ ‹ደመወዙን ሲጠብቅ ሞተ› ይባላል? በየት አገር?»

«በየትም አይባል።»

«ታዲያ ምን ማለት ነበረብኝ?»

ይህን ሲጠይቁኝ እኔም ለነገ ያዘጋጀሁትን ንግግር አሰብሁ። ከእርሳቸው ቃል የሚለየው በማማሩ ብቻ ነበር። ጧት የመጀመሪያው ተጠሪ እኔ ብሆን ኖሮ መበለቲቱን ከሁሉ አስቀድሜ የምጥላት እኔው ነበርሁ። በዚህ ጊዜ ከዲጃ ከጥግ ሆና ተናገረች። ከጧት ጀምሮ ሙሉ ቃል ስትናገር ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነው።

«ሼሃችን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሥራ ነበር ከተባለና ጡረታውን ከተቀበልሁ፣ እንድሪስ አላህ ዘንድ ያለው አጅር ይጎድልበታል? በዚያ ዓለም የሚጠብቀውን ዋጋ እኔ በዚህ ዓለም በላሁበት ማለት ይሆናል? እንደዚያ ከሆነ ይቅርብኝ። ልጄም ትሂድ።»

አስካለ «ኧረ እቴ!» ብላ ጀምራ ተወችው። ሼህ ይማም ጺማቸውን ይዘው ብዙ ቆዩ። ለመልስ የቸገራቸው አይመስለኝም፤ በዚያ ቀን አፋቸውን ፈርተውት ነበር።

«የለም ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ሰው በሐላል ሠርቶ ልጆቹን ሲያበላ እርሱም ሰደቃ ነው። እንድሪስ በሕይወቱ ሳለ ከዚያ ሞተር ነበር ልጆቹን የሚያበላ። ሞቶም ከዚያው ቢያበላቸው አጅሩ ቢጨምር እንጂ ምን ያጎድለዋል? አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

እርሷ ግን አንገቷን እንደ ደፋች ነበረች። ወደ ራሴ ዞሬ ሳስብ፣ ከመጻሕፍት ላወጣላት የምችለው ጥቅስ ብዙ ነበር። አንዱም ከአፌ አልወጣም። እንዲህ ብቻ አልኋት፦

«ከዲጃ፣ እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ ደብሩን አገልግያለሁ፤ ደብሩም የምበላውን ሰጥቶኛል። እንግዲህ ጸሎቴን ሸጥሁት?»

«ውይ መሪጌታ፣ እርስዎማ…»

«እኔማ ምን?»

«እርስዎማ ሥራዎ ነው።»

ይህን ብላ የራሷን ቃል ራሷ ሰማችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነሥታ የቀረበውን ማዕድ ወደ መካከል ሳበችው፤ «ብሉ እንጂ፣ ነገ ቀን ነው» አለችን።

በማግስቱ ገና በጧቱ የወልዲያ መንገድ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። ፍራሽ የጫኑ ባጃጆች ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ሱቆች ግማሽ በር ከፍተዋል። ፍርድ ቤቱ ግቢ ስንገባ ሠራተኞች መዝገብ በካርቶን ሲያሽጉ አየን። ብርቱካን ሮጣ መጥታ፣ «ዳኛዋ አሉ፤ የእኛን ጉዳይ ብቻ ሰምተው ይዘጋል፤ ቶሎ» አለች። ያን ዕለት ካልሆነ መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም፤ ደላላው ደግሞ ቀን ይቆጥር ነበር።

ገባሁ። እውነቱን ልናገር ቃል ገባሁ። ዳኛዋ ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት የቀላ፣ ጎልማሳ ሴት ነበሩ። ነገረ ፈጁ እንደ ተባለው ቀጭን ነው፤ ክፉ ሰው ግን አልነበረም። የእርሱም ሻንጣ ከበሩ ጥግ ተቀምጦ ነበር።

ብርቱካን ያየሁትን እንድናገር ጠየቀችኝ። ነገረ ፈጁ ደግሞ ተራው ሲደርስ እንዲህ አለኝ፦

«አባቴ፣ ሥራውን እንዲሠራ ያዘዘው ኃላፊ አይተዋል?»

«አላየሁም። ኃላፊ በከተማው አልነበረም።»

«ደመወዝ ይከፈለው ነበር?»

«አይከፈለውም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ነበር የሚሠራው? እርስዎ እንደሚመስልዎት ይንገሩኝ።»

አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርሁት ጥያቄ ይህ ነበር። ያ ያማረው ንግግሬ ሁሉ ምላሴ ላይ መጥቶ ቆመ። ከዲጃን አየኋት፤ እጇን በጉልበቷ መካከል ቀብራ ነበር።

«ለምን እንደ ሆነ እኔ አላውቅም» አልሁት። «ልቡን እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ያየሁት እጁን ነው።»

«እጁ ምን ሲያደርግ አዩ?» አሉ ዳኛዋ ጣልቃ ገብተው።

በዚህ ጊዜ ተናገርሁ፤ ያለ ጌጥ። እንድሪስ በየጧቱ መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን ሰማያዊ ቱታ ለብሶ፣ በመሥሪያ ቤቱ ቁልፍ የሞተሩን ቤት ይከፍት እንደ ነበር ተናገርሁ። ናፍጣ በሌለ ቀን እንኳ ሞተሩን ይወለውልና ግሪስ ይቀባ ነበር። የታጠቁ ሰዎች ጄኔሬተሩን ሊነቅሉ በመጡ ጊዜ «የመንግሥት ንብረት ነው፤ ፈርሜ የተረከብሁት እኔ ነኝ፤ የምጠየቀውም እኔ ነኝ» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ሳቁበት፤ በጥፊም መቱት፤ ከብዷቸው ትተውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ እንዳይወስዱት ባትሪውን በየማታው እየፈታ በአስካለ የሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ይደብቀው ነበር። ይህን ስናገር ከውጭ በኩል የመኪና ጥሩምባና የሰው ጫጫታ በረታ። ዳኛዋ ቀና አላሉም፤ «ይቀጥሉ» አሉኝ።

«በመጨረሻው ቀን ሕዝቡ ወደ ተራራው ሲሸሽ እኔ ጉልበቴ ደካማ ስለ ሆነ ከኋላ ቀርቼ በሞተሩ ቤት በር አለፍሁ። ሞተሩ ይሠራ ነበር። ‹እንድሪስ፣ ምን ትሠራለህ? ና ውጣ!› አልሁት። ‹መሪጌታ፣ ይሂዱ፤ እኔ ተረኛ ነኝ› አለኝ። ‹ማን ሊቀይርህ ነው የምትጠብቀው?› ብዬ ብጠይቀው ሳቀ። ‹እንዲሁ ዘልዬ ብወጣ ሞተሩ ይቃጠላል፤ አጥፍቼው እደርስብዎታለሁ› አለኝ። ሄድሁ። ገና ዳገቱን ሳልጀምር ነው ድምፁን የሰማሁት። ዞሬ ሳይ ቤቱ አልነበረም። ሌላ ያየሁት የለም።»

ነገረ ፈጁ ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩትም?» አለኝ። ሊያጠምደኝ ሳይሆን ገርሞት የጠየቀኝ ይመስለኛል።

«ለለቅሶ የሚበቃ ነገር አልመሰለኝም ነበር» አልሁት።

ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። ዳኛዋ በግቢው እንድንጠብቅ አዘዙን። ጠበቅን። ግቢው እየሳሳ ሄደ፤ ዘበኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ «ኧረ ሂዱ፣ መኪና ታጣላችሁ» አለን። ሼህ ይማም የአላህን ስም እያወሱ ዘለግ ያለ ዚክር ይዘው ነበር። አስካለ፣ «የኔታ፣ ያንን ባትሪ እኮ ረስቼው ነበር፤ ሽንኩርቴን ሁሉ አሲድ አሲድ አሸተተብኝ እያልሁ ስሰድበው ነበር የከረምሁት» እያለች ታለቅስ ነበር።

ከዲጃ ግን ወደ እኔ ቀርባ ተቀመጠች። የጠየቀችኝ ስለ ፍርዱ አልነበረም።

«መሪጌታ፣ እውነት ሳቀ?»

«ሳቀ።»

«ተረኛ ነኝ አለ?»

«እንደዚያ አለኝ።»

«ያ እንድሪስ ነው!» አለች፤ ሳቅም ልቅሶም በአንድነት ያዛት። «ለሠርግ ሲጠሩት፣ ለክርስትና ሲጠሩት፣ እናቴ ስትጠራው ‹ተረኛ ነኝ› ነበር የሚለኝ። ስንቴ ተጣልተንበታል! እርስዎ በለቅሶው ጊዜ የተናገሩለትን ሰው እኮ፣ አፉ ይበሉኝና፣ እኔ አላውቀውም ነበር። ደስ አለኝ፣ አከበረኝ፤ ግን ‹ይህ ማነው?› እያልሁ ነበር የሰማሁት። ዛሬ ባሌን ሰማሁት።»

ስንት ሚስት፣ ስንት እናት እንዲህ ብላ ሰምታኝ ይሆን?

በመጨረሻ ዳኛዋ ቦርሳቸውን በትከሻቸው አንግተው ወደ በረንዳው ወጡ። ተሰብስበን ቆምን። ጮክ ብለው አላነበቡም። ሠራተኛው በሥራ ቦታው፣ በኃላፊነት የተረከበውን ንብረት ከጥፋት ለመጠበቅ የተለመደ ሥራውን ሲሠራ በደረሰበት ጉዳት መሞቱን ፍርድ ቤቱ መረዳቱን ተናገሩ። የሚያዝ ኃላፊ ባልነበረበት ጊዜ ትእዛዝ አልነበረም ተብሎ ሥራነቱ ሊቀር እንደማይችል፣ የደመወዝ መቋረጥም ሠራተኛነቱን እንደማያስቀር አከሉ። የሼህ ይማምንና የአስካለን ቃል ሲያነሡም፣ ምስክሮቹ ስለ ሟች በጎነት እንጂ ስለ ሥራው እንዳልተናገሩ ገልጸው በአክብሮት አለፉት። ከዚያም ወደ ከዲጃ አይተው፣ «በሥራ ላይ እያለ ነው የሞተው፣ እኅቴ» አሏት። ብርቱካን ማኅተም ያለበትን ወረቀት ተቀብላ በእጇ አስያዘቻት። ነገረ ፈጁም ሻንጣውን አንሥቶ ሲያልፍ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣን።

መኪና አላገኘንም። በእግራችን ከሕዝቡ ጋር ወደ ደቡብ ወረድን፤ በመንገድ አንድ የእህል መኪና እስከ ሲሪንቃ አደረሰን፤ ከዚያ እንደገና በእግር። ሼህ ይማም ጫማቸው ተገንጥሎ በእጃቸው ይዘውት ነበር። «መሪጌታ» አሉኝ በዝግታ፣ «እኔ የሞትሁ ቀን ምን ይሉልኛል?»

«ጫማቸው ተገንጥሎ እየተነጫነጩ ከወልዲያ ሲመለሱ አይቻለሁ እላለሁ።»

«ነውር ነው፤ ግን ይበሉት» አሉኝ።

ጡረታው በተግባር የተጀመረው ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ብዙ ደጅ ጥናትም ጠይቋል። ትልቋ ልጅ ግን ዓረብ አገር አልሄደችም። የእንድሪስ ወንድሞችም መጥተው «ውርስ ነውና ለእኛም ይድረሰን» ብለው ነበር። ጡረታ እንደ ቤትና እንደ ከብት ለወራሽ ሁሉ የሚከፋፈል ሀብት ሳይሆን ሕጉ ለሚስትና ለልጆች፣ በእርሱ ትከሻ ለኖሩ ወላጆችም የሚቆርጠው መሆኑን ብርቱካን አስረድታ ሸኘቻቸው። ቤቱን ግን በሥርዓቱ ተካፈሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ ድካም አንድ ነገር ውሰዱ። በዚህ ዘመን ሟች የሌለበት ቤት፣ ጉዳይ የሌለበት መበለት የለም። ለምስክርነት ስትጠሩ የሟችን ስም ለማክበር ስትሉ በሕይወት ያለውን እንዳትጎዱ። ስንት ሰዓት ይገባ እንደ ነበር፣ ምን ለብሶ እንደ ነበር፣ በእጁ ምን እንደ ያዘ፣ የመጨረሻ ቃሉ ምን እንደ ነበረ አስታውሱ፤ ተራችሁ ሲደርስ ያንኑ ተናገሩ። ሠራተኛ በሥራው ሲጎዳ አለቃ አላዘዘውም ተብላችሁ ብቻ ተስፋ ቆርጣችሁ አትመለሱ፤ ጠይቁ፣ አስጠይቁ። የደግነት ሥራም ደመወዝ ቢኖረው አይረክስም።

እኔ ዛሬም በለቅሶ ቤት ይጠሩኛል። ንግግሬ አጥሯል። አንዳንዱ «መሪጌታ አርጅቷል፣ ቃል አነሰው» ይላል፤ እርጅናውስ እውነት ነው። ነገር ግን ከመናገሬ በፊት ወደ ቤተሰቡ ገብቼ ሟቹ ምን ይሠራ እንደ ነበር፣ በምን ይጣሉት እንደ ነበር እጠይቃለሁ። ስናገርም ሚስቲቱን አያታለሁ፤ አንገቷን ነቅንቃ «እርሱ ነው» ካለች ይበቃኛል።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የደከማችሁበትን ሥራ እግዚአብሔር ሥራ ብሎ ይቁጠርላችሁ። ከቤታችሁ የወጣው በሰላም ይመለስ፤ ያልተመለሰውንም የሚያስታውስ እውነተኛ አፍ አይጥፋበት። ልጆቻችሁ በአገራቸው ተምረው ይደጉ፤ ማዕዳችሁ ከበረከት፣ ደጃችሁም ከእንግዳ አይለይ። አሜን።